የቁስለኛ መሰናዶ ከክተት በፊት

የክተት አዋጅ በተነገረ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ መሣሪያና ስለ ስንቅ ነው። ነገር ግን ከዘመተው ሠራዊት መካከል የሚቆስልና የሚታመም እንደማይታጣ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙና መድኃኒቱ ከጥይቱ ጋር አብሮ ሊሰናዳ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የሚሰበሰብ ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ቁስለኛው ካለፈ በኋላ ነው።

ለዚህም የኢትዮጵያ ታሪክ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የክተቱ አዋጅ የታወጀው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የነበረው ጊዜ 87 ቀን ብቻ ነበረ። ሠራዊቱ የራሱ የሕክምና ክፍል ስላልነበረው፥ ማኅበሩ ሐኪም መፈለግ፥ ድንኳንና መድኃኒት መሰብሰብ፥ በቅሎና ካሚዮን ማዘጋጀት በዚሁ አጭር ጊዜ ወደቀበት። ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከፊንላንድ፥ ከሆላንድ፥ ከእንግሊዝና ከግብፅ የሕክምና ጓዶች መጥተው ብዙ ሕይወት አዳኑ፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ባሕር ተሻግረው ከግንባር እስኪደርሱ ድረስ ጦርነቱ አልጠበቃቸውም።

የወራሪው ግፍ ደግሞ ችግሩን አበዛው። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን በደሴ የነበረው ሆስፒታል፥ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ጓድ፥ የካቲት 25 ቀን በቆረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ጓድ፥ የቀይ መስቀል ምልክት እያለባቸው ከአውሮፕላን በቦምብ ተመቱ። የመርዝ ጋዝም በወረደ ጊዜ ብዙው ወታደር መከላከያ ጭምብል አልነበረውም። ጓዶቹ ጥቂት ሲሆኑ የአንዱ መመታት የአንድን ግንባር ቁስለኛ ያለ ሐኪም ያስቀራል።

በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን አሠረለት፥ በእንስሳው ላይ ጫነው፥ ወደ ማረፊያ አደረሰው፥ ወጪውንም ከፈለ። የጦር ሕክምና ሥርዓትም እንደዚሁ አራት ነው፤ በጦር ሜዳ የመጀመሪያ እርዳታ፥ ቁስለኛን የሚያነሣ ማጓጓዣ፥ የሚቀበል ሆስፒታል፥ ሁሉንም የሚያስኬድ ገንዘብ። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ሦስቱ ከንቱ ይሆናሉ። ስለዚህ የሠራዊቱ ሐኪም፥ የሕዝቡ ሆስፒታልና የቀይ መስቀሉ ማኅበር በአንድ አዛዥ ሥር የሚሠሩበት ደንብ በሰላም ጊዜ ሊጻፍ ያስፈልጋል። የየሆስፒታሉ አልጋ ስንት እንደ ሆነ፥ ከየትኛው ግንባር የመጣ ቁስለኛ በየት እንዲገባ፥ መኪና በማይሄድበት መንገድ ማን በቅሎ እንዲያቀርብ አስቀድሞ በመዝገብ ይግባ፤ ሰዎቹም በልምምድ ይፈተኑ።

ወታደር ቢወድቅ የሚያነሣው እንዳለ አውቆ ሲዘምት ልቡ ይጸናል። ይህን መተማመኛ ለመስጠት ግን የክተት ነጋሪት እስኪጎሰም የሚቆይ ሹም ዘግይቷል።