የሶላሩ መብራት ለምን ድርግም ይልብን ነበር?

በዚህ እትም ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አላሰብኩም። ክበባችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ማይክ የተቀማው በሶላሩ ምክንያት ስለሆነ ስለ እሱ ነው የምጽፈው።

እንደምታውቁት ትምህርት ቤታችን የመብራት መስመር ገና አልደረሰውም። ያለን ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ብቻ ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ስምንተኛ ክፍሎች ማታ ለሚኒስትሪ ሲያጠኑ መብራቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ይበራና ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ብሎ ድርግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመጣል። ደግሞ ይጠፋል። አንድ ማታ ሰባት ጊዜ ጠፍቷል፤ እህቴ ስምንተኛ ስለሆነች ቆጥራ ነግራኛለች። ከዚያ ወሬ ተነሳ። «ሚኒ ሚዲያዎች ጠዋትና ረፍት ላይ ዘፈን እየከፈቱ ባትሪውን ገደሉት» ተባለ። ማይኩ ቢሮ ተቆለፈበት። ወመህም አዲስ ባትሪ ለመግዛት ከየቤቱ ገንዘብ ለመሰብሰብ ተነጋገረ። የእኛ ቤት ሁለት ተማሪ ስላለው እናቴ ስትሰማ ዝም ብላ ቆየች። እኔም ዝምታዋን አልወደድኩትም።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ጣሪያው ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ከእነሱ የሚወርደው ገመድ ቻርጅ ኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እሷ የባትሪው ሞግዚት ናት ማለት ይቻላል፣ ከልክ በላይ እንዳይሞላ ትጠብቀዋለች። ባትሪው የመኪና ባትሪ የሚመስለው ከባዱ ነው፣ ውስጡ እርሳስና አሲድ አለ። ይህን ዓይነት ባትሪ መጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1859 እ.ኤ.አ.። መጨረሻ ላይ ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ቀይሮ ለአምፖሎቹና ለአምፕሊፋየራችን ይሰጣል። 220 ቮልት ሰው ይገድላል፤ በዚያ በኩል ያለውን ገመድ ማንም ተማሪ እንዳይነካ።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኢንቨርተሩ ወደ እሱ የሚደርሰው ቮልት ወደ 11 አካባቢ ሲወርድ ይጮሃል፣ የእኛው 10.5 ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሟጦ እንዳይበላሽ ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቮልት አነሰኝ እያለ ነው። ጥያቄው ለምን አነሰው ነው።

ሳይንስ የሚያስተምሩን መምህራችን «ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት መዝግቡ» አሉን። እኔና ሁለት የክበቡ ልጆች አንድ ደብተር ይዘን አምስት ቀን መዘገብን፤ ስንት አምፖል እንደበራ፣ በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ቀን ፀሐይ ነበረ ወይስ ደመና። ከደብተሩ ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛ፣ ጥርት ያለ ፀሐይ በዋለበት ቀንም ማታ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ሦስት አምፖል ብቻ ሲበራ አንዴም አልጠፋም፤ አሥራ ሁለቱም ሲበሩ ግን ሁልጊዜ ይጠፋል።

ቲቸር ገበያው ውስጥ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ቴስተር ተውሰው መጡ። ቴስተር ቮልት የሚለካ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያለው ዕቃ ነው። መብራቱ እንደጠፋ ባትሪውን ለኩ፣ 12.5 አሳየ። እኔ «በቃ ባትሪው ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቲቸር ግን ሳቁብኝ። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይኖረው ሲለኩት ደህና ይመስላል፣ ሸክም ሲጫንበት ነው የሚወድቀው አሉ። ከታመመ ሰው ጋር አንድ ነው፣ አልጋ ላይ ሆኖ ሲያወራ ጤነኛ ይመስላል፣ ውሃ ቅዳ ስትሉት ግን ይታወቅበታል። ስለዚህ መለካት ያለበት አምፖሎቹ በሙሉ በርተው እያሉ ነው።

በማግስቱ ማታ 1 ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱንም አበራን። ቲቸር ሁለት ቦታ ለኩ። አንዱ የባትሪው ራስ ላይ ነው፣ ማለት ገመዱን የያዘው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራሱ ብቅ ያለው እርሳስ ላይ። ሌላው ገመዱ ኢንቨርተሩ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ። እኔ ባትሪ አብርቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ልክ ሊጠፋ ሲል የጻፍኩት ይኸው፦ ባትሪው ላይ 12.3፣ ኢንቨርተሩ ላይ 10.6። ከዚያ ጢጥ ጢጥ፣ ድርግም።

ባትሪው አርጅቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቦታ አብረው ይወርዱ ነበር። ባትሪው ግን 12.3 እየሰጠ ነው። 1.7 ቮልት አንድ ሜትር ተኩል በማይሞላ ገመድ ላይ ጠፍቷል! መንገድ ላይ ሌባ አለ ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት የቦኖ ውሃ ልጠቀም። ከቦኖው ጫፍ ላይ ጎማ አድርጋችሁ መሐሉን በእግር ርገጡት። ጫፉን በጣት ከደፈናችሁት ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ሙሉ ነው፣ ምንም ችግር ያለ አይመስልም። ስትለቁት ግን የሚወርደው ጠብ ጠብ ነው። ገመድም እንዲሁ ነው። የሆነ ቦታ ከጠበበ ጥቂት ሲያልፍበት አይታወቅም፣ ብዙ ሲያልፍ ነው ቮልቱ የሚጠፋው። የሚጠፋው ቮልት ከረንቱ በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው፣ የኦም ሕግ የተባለው። ለዚህ ነው ሦስት አምፖል ሲሆን የማይጠፋው። እኔ የኦም ሕግ ለፈተና ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሌባውን ለመያዝ ቲቸር የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ላይ ያለው ማሰሪያ ላይ አደረጉ። ሁለቱ የሚነካኩ ብረቶች ስለሆኑ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። በኔጌቲቩ በኩል ምንም የለም። በፖዘቲቩ በኩል 1.4 ቮልት! የቀረችው 0.3 ገመዱ ላይ ነች፣ ቀጭን ስለሆነ። እጄን ጠጋ ሳደርግ ማሰሪያው ይፋጃል። የጠፋው ኃይል ሙቀት ሆኖ እዚያ ተቀምጧል። ሃያ ደቂቃ የሚቆየውም ለዚህ ነው፤ እየሞቀ ሲሄድ ይብስበታል፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ ቮልቱ ባነሰው ቁጥር ያንኑ ብርሃን ለመስጠት የበለጠ ከረንት ይስባል፣ ያ ደግሞ ተመልሶ ቮልቱን ያወርዳል። ከጠፋ በኋላ የሚስብ ስለሌለ ቮልቱ ይመለሳል፣ መብራቱም ራሱ ይመጣል።

በቀጣዩ ቀን በቀን ብርሃን ተከፈተ። ማሰሪያው ሥር ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሞልቷል፣ ዳዶውም በጣት የሚዞር ሆኗል። ሥራውን የሠሩት ቲቸር ናቸው፣ እኛ ራቅ ብለን ነው ያየነው። ቅደም ተከተሉን ግን ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ መብራቱን ሁሉ አጠፉ፣ ከዚያ የሰሌዳውን ገመድ ከኮንትሮለሩ ነቀሉ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ፣ በመጨረሻ ፖዘቲቩን። ሲመልሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ባትሪው ቀድሞ ሰሌዳው በኋላ። ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ጓንት አደረጉ። መፍቻ ሁለቱን የባትሪ ራሶች አንድ ላይ ከነካ እንደ ብየዳ ይበራል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚቀጣጠልም ክብሪትና ሻማ እዚያ ክፍል ክልክል ነው። ዱቄቱን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥበው አደረቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈጉት፣ አጥብቀው አሰሩት፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት።

ማታ ስንለካ ባትሪው ላይ 12.3፣ ኢንቨርተሩ ላይ 12.0። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አንዴም አልጠፋም። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ «ዛሬ ደግሞ ለመተኛት ምክንያት አጣን» አለ።

አሁን ወደ ክሱ። የእኛ አምፕሊፋየር 60 ዋት ነው፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ብንጠቀም 20 ዋት ሰዓት ይሆናል። አሥራ ሁለት አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ ሁለት ሰዓት ሲበራ 216 ዋት ሰዓት ነው። የእኛ አንድ አሥረኛውን እንኳን አይሞላም። ይህን ስሌት በትልቅ ወረቀት ጽፈን ለርዕሰ መምህራችን ሰጠናቸው። አይተው ማይኩን መለሱልን፣ የባትሪ መዋጮውም ቀረ።

ግን እውነቱን ካልጻፍኩ ደብተሩ ይታዘበኛል። በመጋቢት የክበቡን ክፍል ስናጸዳ ባትሪው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው የገፋነው እኛ ነን። ያን ጊዜ ገመዱ ተወጥሮ ነበር። ዳዶው ያኔ ላልቶ ይሁን ቆይቶ ማንም አላየም፤ እኔ ግን ጠረጴዛውን ከገፉት አንዷ ስለሆንኩ ለቲቸር ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መልሱት ብቻ አሉን።

ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሰሪያው ነው አትበሉ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ተከታትሎ ደመና ሆኖ በሦስተኛው ማታ ኢንቨርተሩ ጮኸ። ሮጠን ለካን። ባትሪው ላይ 11.3፣ ኢንቨርተሩ ላይ 11.0። አያችሁ፣ አሁን ሁለቱም አብረው ወርደዋል። ይህ የእውነት ረሃብ ነው፣ ባትሪው አልበላም። እንዲህ ሲሆን ብሎን ማጥበቅ ምንም አይረዳም፤ ያደረግነው ስድስት አምፖል ማጥፋትና በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የተኛውን አቧራ በጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ በውሃና በጨርቅ ማስጠረግ ነው። ጣሪያ የወጡት የጥበቃው ጋሼ ናቸው፣ እኛ መሰላሉን ያዝን።

ቀጭኑ ገመድ ገና አልተቀየረም። ደብተሩ ከኮንትሮለሩ አጠገብ በሲባጎ ተንጠልጥሏል፣ በዚህ ሳምንት የመመዝገብ ተራው የ7ኛ ለ ነው። ሰኞ የጻፋችሁት ቁጥር ስለማይነበብ ደግማችሁ ጻፉልን።