የአክሲዮን ተንታኝ ለመሆን ለሚቀርብ ሰው

በኒውዮርክና በለንደን የገንዘብ ተቋሞች ዘንድ ከቆየ ዘመን ጀምሮ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ፣ የአክሲዮን ተንታኝ የሚባል ባለሙያ ይፈለጋል። የዚህ ሰው ተግባር የአንድን አክሲዮን ማኅበር የሒሳብ መዝገብ መርምሮ፣ ሥራ አስኪያጆቹን ጠይቆ፣ ከተወዳዳሪዎቹም ጋር አመዛዝኖ ሲያበቃ፣ አክሲዮኑ «ይገዛ»፣ «ይያዝ» ወይም «ይሸጥ» ብሎ ፍርዱን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ስለዚህም ወደ ሙያው ለመግባት የሚደረገው ቃለ መጠይቅ፣ ተፈታኙ ያጠናውን በቃሉ ስላሰማ ብቻ የሚያልፈው ሳይሆን፣ የራሱን ፍርድ ይዞ ቀርቦ ሊያፈርሱበት በተዘጋጁ ጠያቂዎች ፊት እንዲያጸና የሚገደድበት ሸንጎ ነው።

መግቢያው የሒሳብ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ከሚቀርቡት አንዱ፣ «የእርጅና ተቀናሽ በ10 ብር ቢጨምር ሦስቱ የሒሳብ መግለጫዎች እንዴት ይለወጣሉ?» የሚለው ነው። የትርፍ ግብሩ እንደ አገራችን 30 በመቶ ቢሆንና ግብር ሰብሳቢውም ተቀናሹን ቢቀበል፣ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ በ10 ብር ሲወርድ ግብሩም በ3 ብር ስለሚቀንስ፣ ከተጣራው ትርፍ የሚጎድለው 7 ብር ነው። በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ ግን፣ ተቀናሹ በወረቀት እንጂ ከካዝና የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ 10 ብሩ ተመልሶ ይደመርና፣ በእጅ ያለው ገንዘብ በ3 ብር ይጨምራል። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይም ቋሚው ንብረት 10 ብር ጎድሎ ጥሬ ገንዘቡ 3 ብር ስለሚያድግ፣ ሀብቱ በ7 ብር ያንሳል፤ በዚያኛው ወገን ያልተከፋፈለው ትርፍ በዚያው በ7 ብር ዝቅ ብሎ ሚዛኑን ያስተካክላል። ይህን ሸምድዶ የመጣ ተፈታኝ የሚጋለጠው፣ ጠያቂው ቀጥሎ «ትርፉ ከወረደ ገንዘቡ ስለ ምን ጨመረ?» ሲለው ነው፤ የቋሚው ንብረት ዋጋ ድሮ የተከፈለ መሆኑንና አሁን የተገኘው ጥቅም ያልተከፈለው ግብር ብቻ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው እዚያ ላይ ይደናገራል።

ስለ ዋጋ ትመና የሚጠየቀው፣ ይኸውም የወደፊቱን የገንዘብ ፍሰት ወደ ዛሬ ዋጋ የመመለሱና ማኅበሩን ከአምሳያዎቹ ጋር በትርፍ እጥፍ የማነጻጸሩ ስልት፣ በማንኛውም የሙያው መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኝ እዚህ አላረዝመውም።

ዋናው ፈተና «አንድ አክሲዮን አቅርብልን» የሚለው ነው። የቅኔ ተማሪ የጓደኛውን ቅኔ አጥንቶ የኔታ ፊት ቢቆም ወዲያው እንደሚታወቅበት ሁሉ፣ ከሌላ ተንታኝ ሐተታ የተቀዳ አስተያየት ይዞ የመጣ ሰውም በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። አብዛኛው ተፈታኝ የሚስተው፣ ማኅበሩ መልካም መሆኑን ሲያስረዳ ውሎ፣ መልካምነቱ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ መግባቱን ሳይመረምር መቅረቱ ነው። ለምሳሌ አንድ አክሲዮን 300 ብር ቢሸጥና የአንዱ አክሲዮን ዓመታዊ ትርፍ 20 ብር ቢሆን፣ ገበያው የትርፉን 15 እጥፍ ከፍሏል ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ለከርሞ 22 ብር ትርፍ ሲጠብቅ ተፈታኙ 26 ብር ይሆናል ቢል፣ በዚያው በ15 እጥፍ ዋጋው 390 ብር ይደርሳል። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በልዩነቷ በ4 ብሯ ላይ ነው፦ ከሽያጭ ዋጋ ጭማሪ ትመጣለች ወይስ ከወለድ መቀነስ? ሌላው ሰው ስለ ምን አላያትም? ገበያውስ መቼና በምን ምክንያት ያያታል? ደግሞም ተፈታኙ «ይህ ነገር ቢሆን ሐሳቤን እለውጣለሁ» የሚልበትን ምልክት አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስከብረው ይህ መልስ ነው።

«የምትሸጠውስ የትኛውን ነው?» ማለትም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱ በታሪክ ይታወቃል። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ኪሳራውን ሲያስታውቅ፣ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ እንኳ ብዙዎቹ ተንታኞች «ይገዛ» ይሉ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ 10 ታላላቅ የዎል ስትሪት ድርጅቶች፣ ለደንበኞች የሚጽፉት ሐተታ ከኩባንያዎች በሚያገኙት የባንክ አገልግሎት ክፍያ ተበክሏል ተብለው ተከሰው፣ ጉዳዩን በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ጠያቂው፣ አለቃም ደንበኛም ሲጫነው ብዕሩን የማያጥፍ ሰው ይፈልጋል፤ ይፈልጋል ቢባልም ሁልጊዜ ይቀጥረዋል ማለት አይደለም።

በአዲስ አበባ የሚፈተን ሰው ሁኔታው ይለያል። በ1957 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ ሥር ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ ጋር ተቋርጦ ስለቀረ፣ የሚቀዳ የቀድሞ ሐተታ እምብዛም የለውም፤ ይህም ለሰነፍ ጉዳት ለትጉህ ጥቅም ነው። በአዲሱ ገበያ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ስለነበረ፣ ተፈታኙ ባንኮች በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርቡትን የተመረመረ ሒሳብ አግኝቶ፣ ተቀማጩን፣ ብድሩንና የተበላሸ ብድሩን ቢያንስ ለአምስት ዓመት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ያስፍር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በተዘጋው ሒሳብ ላይ፣ ከውጭ ምንዛሪ ለውጥ የተገኘውን ትርፍ ከመደበኛው የብድር ወለድ ትርፍ ለይቶ ይጻፍ፤ ጠያቂው «ከዚህ ውስጥ ለከርሞ የሚደገመው ስንቱ ነው?» ማለቱ አይቀርምና።