የወጣቶችን ፕሮግራም በጥናት ስለ ማሻሻል

ለወጣቶች የሚቋቋም ማዕከል፥ ክበብ ወይም የሥልጠና ጣቢያ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በሠራው ሥራ ብዛት ነው። ይህን ያህል ስብሰባ ተደረገ፥ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፥ ይህን ያህል ገንዘብ ወጣ ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች ገንዘቡ መውጣቱን ያስረዳሉ እንጂ የታሰበለት ወጣት መጠቀሙን አያስረዱም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው፥ ጥናት በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እንዴት እንደሚለካና ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚያሻሽል ነው። ምሳሌዎቹን የምንወስደው ካገራችን ነው፤ በመጨረሻም ለደሴ፥ ለኮምቦልቻና ለደጋን ምን እንደሚጠቅሙ እናመለክታለን። ዘመኑ የተቆጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

1ኛ፤ የሚመጣው ማን ነው?

በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ዕድሜው ከ15 እስከ 29 የሆነውን ነው። በዚህ አጥር ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፥ የሁለት ልጆች እናት፥ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፥ ተሸካሚና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብረው ይገኛሉ። የሁሉም ችግር አንድ አይደለም፤ ነጻ ጊዜያቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ በሩን ለሁሉ የከፈተ ማዕከል ሁሉን ያስገባል ማለት አይደለም።

በ2005 የታተመ አንድ ጥናት፥ ያገራችን የወጣቶች ፕሮግራሞች ማንን እንደሚደርሱ መርምሮ፥ ተጠቃሚዎቹ በብዛት ወንዶችና ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ሆነው አገኛቸው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ወደ ፕሮግራሙ የመጡትን በዕድሜ፥ በጾታና በትምህርት ለይቶ መቁጠር ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነበር፤ ይበልጥ ርዳታ የሚያሻቸው ልጆች ከበሩ ውጭ መቅረታቸውን አሳየ። በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም መንገዱን ለወጠ። ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ ልጃገረዶች ይመጣሉ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ፥ ሴቶች አስተባባሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆቹን ይመዘግቡ፥ አሠሪዎቻቸውንም ያነጋግሩና ያስፈቅዱ ነበር።

2ኛ፤ ውጤቱ በዕድሜ ሲለይ

በአማራ ክልል ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የልጅነት ጋብቻን ለማዘግየት የታቀደ ነበር። ልጃገረዶቹ በዕድሜ በበሰሉ ሴቶች መሪነት በቡድን ይሰበሰቡ ነበር። ለተማሪዎቹ ደብተርና እርሳስ ይሰጣል፤ ካገሬው ሰው ጋር ውይይት ይደረጋል፤ ሳታገባ ፕሮግራሙን ለፈጸመች ልጅም ፍየል ይሰጣታል። ሥራው በሞሰቦ ቀበሌ ሲካሄድ፥ ፕሮግራሙ ያልገባበት ሌላ ቀበሌ ለማነጻጸሪያ ተመረጠ፤ በሁለቱም በመጀመሪያና በመጨረሻ መጠይቅ ተደረገ።

ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 የሆኑት የሞሰቦ ልጆች የማግባታቸው ዕድል ከማነጻጸሪያው ቀበሌ እኩዮቻቸው አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ሆነ፤ ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ደግሞ ሦስት እጥፍ ነበር። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ተቃራኒው ታየ፤ የማግባታቸው ዕድል ከእጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ይህን ነው። ሁሉም በአንድ ድምር ተደምረው ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። ጥናቱ ትንንሾቹ ልጆች መዳናቸውን ብቻ ሳይሆን፥ ለታላላቆቹ ሌላ ዘዴ የሚያስፈልግ መሆኑንም አመለከተ።

3ኛ፤ የትኛው ክፍል ሠራ?

ፕሮግራሙ ብዙ ነገር ባንድነት ስለ ያዘ፥ ልጆቹን የረዳው ደብተሩ ይሁን፥ ውይይቱ ይሁን ወይስ ፍየሉ አልታወቀም ነበር። ሁሉን በሁሉ ቦታ ለማድረግ ደግሞ ገንዘብ አይበቃም። ስለዚህ ቆየት ብሎ በተደረገ ጥናት ክፍሎቹ በየቦታው ተነጣጥለው ተፈተኑ። ከ12 እስከ 14 ዕድሜ ያላቸው ልጆች የትምህርት መሣሪያ ብቻ በተሰጠበት ቦታ፥ የማግባታቸው ዕድል ከመጀመሪያው ልኬት በ94 ከመቶ ቀነሰ፤ ወጪውም ለአንዲት ልጅ በዓመት 17 ዶላር ያህል ነበር። ከ15 እስከ 17 ላሉት ግን የሠራው ሳያገቡ ትምህርታቸውን ለቀጠሉበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት ሆነ፤ ይህም ዕድሉን በግማሽ ያህል ዝቅ አደረገው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥናት የከፈተውን ጥያቄ ሁለተኛው መለሰው ማለት ነው።

4ኛ፤ ሥራ ማስያዝ ብቻ ይበቃልን?

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2017 ሲመረቅ ለወጣቶች የፋብሪካ ሥራ ይከፍታል የሚል ተስፋ ይዞ ነበር። ቀደም ብሎ በሌሎች ያገራችን አምስት ድርጅቶች የተደረገ ጥናት ግን ጥንቃቄን ያስተምራል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን በ2018 ባሳተሙት በዚህ ጥናት ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን የፋብሪካ ሥራ፥ ለሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ሥልጠና ተሰጠ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ሥራ ከያዙት ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው አልተሻለም። ገንዘብ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል አድጎ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሦስቱ ወገኖች ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። በአንድ ዓመት ልኬት ብቻ የሚፈርድ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት ከዚህ ይታያል።

5ኛ፤ ወደ አካባቢያችን ስንመለስ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደጋንና አካባቢዋ፥ እንደ ሌላው ደቡብ ወሎ ሁሉ፥ ብዙ ወጣት ወደ ዓረብ አገር የሚሄድበት ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፥ ወሎም ልጆቹን ተቀብሏል። በባሕር ላይና በበረሃ የሚጠፋ ሕይወት ስላለ፥ እዚህ የሚቋቋም የወጣቶች ፕሮግራም ቢሳሳት ዋጋው የገንዘብ ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ተማሪ በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችለው የሚከተለው ነው።

ሀ) ወደ ማዕከሉ የሚመጡትን ለአንድ ወር በዕድሜ፥ በጾታ፥ በትምህርትና በመንገድ ርቀት መመዝገብ።

ለ) በቀበሌው ጥቂት ቤቶችን በዕጣ መርጦ፥ ያልመጡትን ለምን እንዳልመጡ መጠየቅ። ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። ስለ ደላላና ስለ ጉዞ ሲጠየቅ ስም አይጻፍ፤ መልሱ መላሹን የሚጎዳ ከሆነ ጥያቄው ይቅር።

ሐ) አንድ ነገር ብቻ፥ ለምሳሌ የሚከፈትበትን ሰዓት፥ በአንድ ቀበሌ ለውጦ ካልተለወጠበት ቀበሌ ጋር ማነጻጸር። ማነጻጸሪያ የሌለው ልኬት በዚህ አገር በተለይ አይታመንም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2021 መጨረሻ በጦርነቱ ተይዘው ስለ ነበር፥ የ2020ን ገቢ ከ2022 ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው የጦርነቱን ጉዳት የፕሮግራሙ ጉድለት ያደርገዋል።

መ) የተገኘውን መልስ ለተጠያቂዎቹ መልሶ ማሰማት። ቁጥሩ ምን እንደ ሆነ መዝገቡ ይናገራል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ይበልጥ የሚያውቁት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ጥናት በራሱ ሥራ አይፈጥርም፤ መንገድም አይሠራም። ጥቅሙ የትኛው ድካም ለማን እንደ ደረሰ፥ የትኛውም ሜዳ ላይ እንደ ቀረ ማሳየት ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፥ ሐቀኛ ጠያቂና የማይወደደውንም ውጤት ለማተም የሚደፍር ሰው ነው። ከዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም ብለን እናምናለን።