ቀኑን በሚካኤል የሚቆጥር ታካሚ

ፎገራ ላይ አንድን አዛውንት ገበሬ «አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብትሏቸው ቁጥር ላይጠሩ ይችላሉ። «ሚካኤል» ይላሉ። ቀኑ 12 ከሆነ ጊዜውን በደንብ ያውቃሉ ማለት ነው። ለሙስሊሙ ከጁምዓ ወዲህ ስንት ቀን እንደሆነ መጠየቅ ይቀላል። ከትምህርት ቤት ገና የወጣ ነርስ ግን ቁጥሩን ስላልሰማ ብቻ ካርዱ ላይ «ጊዜ አያውቁም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሙቀት በቴርሞሜትር፣ ግፊት በመለኪያ ይነበባል። የአእምሮ ሁኔታ ግን የሚለካው በጥያቄ ስለሆነ፣ ጥያቄው ከሰውየው ኑሮ ጋር ካልገጠመ ጤነኛውም በሽተኛ ይመስላል።

ምርመራው የሚጀምረው አንድም ቃል ሳይወጣ ነው። ታካሚው እንዴት ገባ? ልብሱ፣ ንጽሕናው፣ አካሄዱ እንዴት ነው? ሲያናግሩት ቶሎ ይመልሳል ወይስ ይዘገያል? አንገቱን ደፍቶ ዓይን ለዓይን የማያይ ወጣት ተከዘ ብሎ መደምደም አይገባም፤ ታላቅ ፊት እንደዚያ መቀመጥ ያደገበት ወግ ነው። ከዚያ ንግግሩ፣ ስሜቱ፣ የሐሳቡ አካሄድ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ይታያል። ጠበል የከረመች ሴት «ድምፅ ሰማሁ» ብትል ነርሷ ወደ አስታማሚዋ ዞር ብላ «ድሮም እንዲህ ትላለች?» ማለት አለባት። የሰውን የዛሬ ሁኔታ ከትናንቱ ጋር የሚያስተያየው ቤተሰቡ ነው፤ በእኔ እምነት ከብዙ ቅጽ አንድ ጥሩ አስታማሚ ይበልጣል።

ትኩረትንና ትውስታን ለመፈተን የመማሪያ መጽሐፉ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እያሉ መቀነስን ያዛል። ፎልስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ባለ 30 ነጥቡ ፈተና ደግሞ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል፣ ሥዕል ያስገለብጣል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት እዚህ ላይ የሚያጡት ነጥብ አለመማራቸውን እንጂ ሕመማቸውን አይናገርም። በምትኩ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምሮ ወደ ኋላ ማስቆጠር ይቻላል። ማጭድ፣ ሽሮ፣ ታንኳ ብሎ ሦስት ቃል አስይዞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጠየቅም ይቻላል። ረቂቅ ሐሳብን ለመፈተን ተረትና ምሳሌ ሞልቶናል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ምን ማለት ነው ሲባል ስለ መተባበር የሚያወራና ስለ ሸረሪት ብቻ የሚያወራ ሰው ይለያያሉ።

የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቀው ሲመለሱ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ወባ ይበረታል። እንበልና አንድ ወጣት ትናንት ማታ ደህና ሆኖ ተኝቶ ዛሬ ይቀባጥራል፤ ቤተሰቡ ቡዳ ነው ይላል፤ ጎረቤት አበደ ይላል። አእምሮ በድንገት ሲዛባ፣ ደግሞም አንድ ጊዜ ጥርት አንድ ጊዜ ድብልቅልቅ ሲል፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሥጋዊ ሕመም ነው። ጣቱ ተወግቶ ወባና የደም ስኳር ይታይለታል፤ ከባድ ወባ ስኳርን ያወርዳል፣ ኪኒንም ያወርዳል። ላብና ምራቅ ሲያዘንብ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ሲጠብ ግን ነርሷ ስለ ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳ ፀረ ተባይ መድኃኒት መጠየቅ አለባት።

ያን መድኃኒት ሰው ራሱን ለመጉዳትም ሊጠጣው ስለሚችል ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብዙ ነርስ ይፈራዋል። «ምነው በሞትኩ ብለው ያውቃሉ? ራስዎን ለመጉዳትስ አስበዋል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ለሰው አያስተምርም፤ የከበደው ሰው ብዙ ጊዜ ጠያቂ በማግኘቱ ይተነፍሳል። አዎ ካለ መርዙ ከቤት ይወጣል፣ ታካሚው ብቻውን አይተውም፣ ሪፈርም ይጻፋል። አማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1987 የሳይካትሪ ነርሶችን ማሠልጠን ቢጀምርም፣ የገጠሩን ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አሁንም ተራው ነርስ ነው።

የንቃትን ደረጃ በቁጥር ለመያዝ የግላስጎው መለኪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሲሆን ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ደምሮ ከ3 እስከ 15 ይሰጣል። ገና አፍ ላልፈታ ሕፃን ግን አይሆንም። ስለዚህ ማላዊ፣ ብላንታየር ላይ በወባ ራሳቸውን የሳቱ ሕፃናትን ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች በንግግር ፈንታ ለቅሶን የሚያይ፣ ከ0 እስከ 5 የሚቆጥር መለኪያ አበጁ። እዚያም ጥያቄው ነው ወደ ታካሚው የሄደው።

ካርዱ ላይ «ግራ ተጋብቷል» ብቻ ተጽፎ ሲገኝ እበሳጫለሁ። ተረካቢዋ ነርስ ምን ታወዳድርበታለች? እንዲህ ቢጻፍስ፦ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት፤ ሲጠራ ዓይኑን ገለጠ፤ የት ነህ ሲባል ‹ሩዝ አጨዳ ላይ› አለ፤ እጅህን አንሣ ሲባል አነሳ። ግላስጎው 13።» ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሲቆነጠጥ ብቻ ዓይኑን ከገለጠ፣ ማቃሰት እንጂ ቃል ካልወጣው፣ የቆነጠጠውን እጅ ግን ሊያስለቅቅ ከሞከረ 9 ነው። በአዋቂ ወባ ላይ ከ11 በታች ከባድ ወባ ይባላል። ሐኪሙን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ ግን 9 እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ከ13 ወደ 11 ሲወርድም ይቀሰቀሳል።