የእንግሊዝኛን አጠራር ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ስለ ማስተማር

በአገራችን እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከዚያም በላይ የማስተማሪያ ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን፥ የአጠራር ጉድለት የሚጎዳው ንግግርን ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በጽሑፍ የሚያውቀውን ቃል ከመምህሩ አፍ ሲሰማው ሳይለየው ያልፋል።

ነገሩን ከገዛ ቋንቋችን ልንረዳው እንችላለን። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፥ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያመለክትም፤ ሆኖም «ልጁ መጣሁ አለ» እና «ልጁ እቤት ውስጥ አለ» የሚሉትን አንባቢ አያምታታቸውም፤ ዐረፍተ ነገሩ ይመራዋልና።

እንግሊዝኛም በጽሕፈት የማያሳየው የድምፅ ክብደት አለው። አንዱ ቃል ክብደቱ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲውል «ፕሬዘንት» ተብሎ ስጦታ፥ በመጨረሻው ላይ ሲውል «ፕሪዜንት» ተብሎ ማቅረብ ይሆናል። «ኦፍ»ን የመሳሰሉ ትንንሽ ቃላት ደግሞ በንግግር መካከል ይደክማሉ። ይህ በቃላት ዝርዝር ብቻ ሊጠና አይችልም።

የድምፅ መልመጃ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ በአማርኛ የሌለው የ«ቲንክ» የመጀመሪያ ድምፅ የምላስን ጫፍ በጥርስ መካከል አድርጎ ለብቻው መለማመድን ይጠይቃል። ነገር ግን የተለማመዱት ድምፅ ወዲያው ወደ ጥያቄና መልስ፥ ወደ ንባብም ካልገባ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ መምህሩ የአዲሱን ቃል ትርጉም፥ አጠራርና አገባብ ባንድነት ቢያቀርብ የተሻለ ነው እንላለን።