ክረምቱን የሚዘልቅ ሶላር፦ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት የደጋ ቤት

በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራባዊው ደቡብ ወሎ ደጋ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቁ መንደሮች ጥቂት አይደሉም። በዓባይ ሸለቆ አፋፍ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ፣ ከዋናው መንገድ በእግር ብቻ በሚደረስባቸው ጎጦች ቤቱ ሲመሽበት ያለው ምርጫ ኩራዝ፣ የእጅ ባትሪ ወይም ሶላር ነው። አርሶ አደሩ በግ ወይም እህል ሸጦ ሶላር ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱም እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። በጥቅምትና በኅዳር እስከ እኩለ ሌሊት ሲያበራ የነበረው ዕቃ ሐምሌ ላይ ራት ሳይቀርብ ይጠፋል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባትሪው ጭራሹን ይሞታል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፓኔሉ ቢሆንም ስህተቱ የተሠራው ዕቃው ሲገዛ፣ ሒሳቡ በበጋ ፀሐይ በመሠራቱ ነው።

ሒሳቡን በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንየው፤ የማሳ ጎጆ፣ የጥበቃ ማደሪያ ወይም የቀበሌ ባለሙያ መኖሪያ ቢሆንም ለውጥ የለውም። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 3 አምፖሎች በቀን ለ4 ሰዓት ቢበሩ 60 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። 5 ዋት የሚወስድ ሬዲዮ ለ4 ሰዓት 20፣ ሁለት ስልክ መሙላት ደግሞ ወደ 15 ይጨምራል። ድምሩ 95 ዋት ሰዓት ነው። ደመና በበዛበት የክረምት ቀን ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ ይሠራል ብሎ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ መቁጠር አይገባም፤ ከዚያም ላይ በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ ወደ 30 በመቶ ይባክናል። 95ን ለ3.5 ከዚያም ለ0.7 ስናካፍል 39 ዋት ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 50 ዋት የሚል ፓኔል ይበቃል፤ 20 ዋት ግን አይበቃም።

እዚህ ላይ ገዥው በሜትር ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር አለ። በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፈው የፀሐይ ጉልበት 1 ሺህ ዋት ገደማ ሲሆን፣ ጥሩ ፓኔል ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 20 በመቶ አካባቢ ነው። በመሆኑም ስፋቱ ሩብ ካሬ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጀርባው ላይ 50 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ፓኔል ጽሑፉን አይመኑት።

ባትሪው ሁለት ደመናማ ቀናት እንዲያሻግር ከተፈለገ 190 ዋት ሰዓት ያህል መያዝ አለበት። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ባለ 12 ቮልት ከሆነ ከ35 እስከ 40 አምፔር ሰዓት ያስፈልገዋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት እስከ 80 በመቶ ሊወርድ ስለሚችል 20 አምፔር ሰዓት ይበቃዋል። የኋለኛው ሲገዛ ውድ ነው፤ ነገር ግን በአግባቡ ከተያዘ ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ ሞልቶ መውረድን ስለሚችል በዓመት ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከመኪና ላይ የወጣ ባትሪ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ማለትም ብዙ ጉልበት በቅጽበት ለመስጠት ስለሆነ ሌሊት ሌሊት እየተራቆተ አይዘልቅም።

በባትሪውና በፓኔሉ መካከል የሚገባው የቻርጅ መቆጣጠሪያ መተው የለበትም። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይራቆት የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ለባትሪው ዓይነት የሚስማማ መሆኑም ይጠየቅ። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ አምፖሎቹ ይያያዛሉ፤ ሲነቀል በተገላቢጦሽ ነው። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ 10 አምፔር ፊውዝ ይግባ። የሳር ክዳን ቤት ውስጥ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው።

አንዳንድ ቸርቻሪ ከሁሉም ጋር ኢንቨርተር ያክላል። ለዚህች ቤት ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 6 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ቤቱ በሙሉ ከሚፈጀው ይበልጣል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ አምፖል መግዛት ይሻላል። በኢንቨርተር እንጀራ ለመጋገር የሚያስብም ካለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ እንደሚስብ ይወቅ። ይህ የ70 እንዲህ ያለ ፓኔል ሙሉ ጉልበት ነው።

ብዙ የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር የፓኔሉ አቀማመጥ ነው። ከአውሮፓ የመጡ መመሪያዎች ወደ ደቡብ አቁመህ አዘንብለው ይላሉ፤ ለእነርሱ ትክክል ነው። መካነ ሰላም ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን በኩል ትውላለች። ወደ ደቡብ በጣም የተዘነበለ ፓኔል ብርሃን በሚያንስበት ክረምት ጀርባውን ይሰጣታል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ይዘንብል፤ አንድ ሜትር ርዝመት ላለው ፓኔል የላይኛው ጫፍ በአንድ ስንዝር ከፍ ቢል ይበቃል። ጨርሶ ለጥ ብሎም አይተኛ፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ዘንበል ማለት አለበት።

የባሕር ዛፍ ጥላም ቀላል አይደለም። የፓኔሉ ሕዋሳት በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ጥግ ላይ ያረፈች ትንሽ ጥላ ከጥላዋ ስፋት በላይ ጉልበት ትቀንሳለች። ዛፍ አጠገቡ ያለ ቤት ፓኔሉን በምሰሶ ላይ ገላጣ ቦታ ቢተክለው ይሻላል። ያኔ ሽቦው ይረዝማል። በ10 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ 3 አምፔር ሲያሳልፍ 0.7 ቮልት ይበላል፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ከ0.3 ቮልት በታች ነው። በ12 ቮልት ላይ ይህ ልዩነት ባትሪው መሙላት አለመሙላቱን ይወስናል።

የደጋው ብርድ ፓኔሉን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ይጠቅመዋል፤ ፓኔል ሲቀዘቅዝ በተሻለ ይሠራል። ብርድ የሚጎዳው ባትሪውን ነው። በተለይ ሊቲየሙ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። በውርጭ ወራት በረንዳ ላይ ከማስቀመጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃውም ከመኝታውም ራቅ አድርጎ፣ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ደግሞ አየር በሚገባበት ቦታ ማኖር ይገባል።

ለወረዳ ኃላፊዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶ ያህሉን ተጠቃሚ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ባሉ አማራጮች፣ በዋነኛነት በሶላር ለመድረስ አቅዷል። ከ35 በመቶው ውስጥ የሚገቡት እንዲህ ያሉት ተበታትነው የሰፈሩ የደጋና የሸለቆ መንደሮች ናቸው። ስለዚህ ለጤና ኬላም ሆነ ለባለሙያ ማደሪያ ሶላር ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ የፓኔሉ ዋት ብቻ መጻፉ አይበቃም። የባትሪው ዓይነትና አቅም፣ የዋስትናው ዘመን፣ ባትሪው ሲሞት መተኪያው ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ አብሮ መጻፍ አለበት። በየቦታው ሶላር ከተገጠመ በኋላ የሚቆመው ባትሪ የሚቀይርለት በማጣት ነውና።

በክልላችን ለዚህ የሚጠቀስ ልምድ አለ። በሰሜን ሸዋ ዞን በምትገኘው ሬማ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ሶላር ሲገጠምላቸው፣ የሚጠግኑ ባለሙያዎች እዚያው ሠልጥነዋል፤ ነዋሪውም ለጥገና የሚውል ክፍያ እንዲያዋጣ ተደርጓል። ለቦረናና ለአጎራባች ወረዳዎች ከዚህ የሚወሰደው ነገር ፓኔል ከማከፋፈል በፊት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኩል በየክላስተሩ አንድ ሁለት ጠጋኝ ማፍራት ይመስለናል። ያገለገለ የእርሳስ ባትሪም መጣያ ያስፈልገዋል፤ አሲዱና እርሳሱ ምንጭ አጠገብ ወይም ከብት በሚውልበት ሜዳ ከፈሰሰ መርዝ ነው። አዲሱን የሚሸጠው ነጋዴ አሮጌውን እንዲረከብ በውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል።

አዲስ የተገጠመ ሶላር የሚፈተነው ደመና ሁለት ቀን በተከታታይ በዋለበት ማግስት ነው። በሦስተኛው ምሽት አምፖሎቹ 4 ሰዓት ሙሉ ከበሩ ሒሳቡ ልክ ነበር። ካልበሩ፣ ባትሪው ሳይጎዳ ሁለተኛ ፓኔል መጨመር ወይም የሚበሩበትን ሰዓት መቀነስ ያስፈልጋል።