ድንጋይ በድንጋይ ላይ መቼ ይንሸራተታል?

እስቲ ሁለት ለስላሳ ድንጋዮች አነባብሩና የታችኛውን በአንድ ጫፉ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። የሆነ ቦታ ላይ የላይኛው ሸርተት ይላል። ያኔ የታችኛው ከአግድም ጋር የሠራው አንግል የሰበቃ አንግል ይባላል። ድንጋዩ ቢከብድም ቢቀልም አንግሉ ያው ነው፤ ክብደት የሚጎትተውንም የሚይዘውንም ኃይል እኩል ይጨምራልና።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጠው መንገድ በባዛልት፣ በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ ያልፋል። ጠንካራ ዓለት ሲናድ ብዙውን ጊዜ ራሱ ደቅቆ ሳይሆን በነባር ስንጥቅ ላይ ተንሸራቶ ነው። ስንጥቁ ወደ መንገዱ ካዘነበለ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሰበቃው ይይዘዋል?

በመጋዝ የተቆረጠ ለስላሳ ገጽ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይሰጣል። የተፈጥሮ ስንጥቅ ግን ሻካራ ነው፤ የላይኛው ዓለት ለመንሸራተት እብጠቶቹን መውጣት ወይም መስበር አለበት። ኒክ ባርተን በ1973 (እ.ኤ.አ.) ይህን በቀመር አስቀመጠው። የስንጥቁ ግድግዳ ጥንካሬ ለጫናው ይካፈላል፤ የውጤቱ ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) በሻካራነት ቁጥር ተባዝቶ በለስላሳው አንግል ላይ ይደመራል። የሻካራነት ቁጥሩ ከ0 እስከ 20 ነው።

ለምሳሌ ሻካራነቱ 10፣ ጥንካሬው 50 ሜጋፓስካል፣ ለስላሳው አንግል 30 ዲግሪ ይሁን። ጫናው 0.5 ሜጋፓስካል ሲሆን 50 ዲግሪ እናገኛለን። ጫናው 5 ሲሆን ግን 40 ብቻ፤ እብጠቶቹ ይሰበራሉና። ወጥመዱም እዚህ ጋ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለች ሻካራ ድንጋይ ጫናዋ ኢምንት ስለሆነ አንግሏ በጣም ይገዝፋል። ያንን ቁጥር በቀጥታ ለተራራ መጠቀም አደገኛ ነው። መሐንዲሶች ከዚያ ሙከራ የሚወስዱት የሻካራነት ቁጥሩን ነው፤ እሱንም ለትልቅ ዓለት ዝቅ ያደርጉታል።

አሁን ስንጥቁ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ይሁን፣ ጫናውም 0.5። ደረቅ ከሆነ የሚይዘው ኃይል ከሚጎትተው 1.2 እጥፍ ገደማ ነው፤ ዓለቱ ይቆማል። ክረምት ገብቶ በስንጥቁ ውስጥ ያለው ውሃ የጫናውን ግማሽ ቢሸከምስ? በቀመሩ አንግሉ ወደ 53 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚጫነው በግማሽ ስለቀነሰ የሚይዘው ኃይል ከሚጎትተው 0.66 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ዓለቱ ይሄዳል። በስንጥቁ ውስጥ ጭቃ ካለ ደግሞ ድንጋይ ድንጋይን ስለማይነካ ሻካራነቱም ብዙ አያድነውም።

ለዚህ ነው ከመንገድ በላይ ያለ ተዳፋት ሲጠና፣ አንግሉን ከመለካት ጎን ለጎን ውሃው በየት እንደሚወጣ የሚታሰበው። ወደ ዓለቱ የተቆፈረች ቀጭን የውሃ መውጫ ቀዳዳ አንዳንዴ ከወፍራም የድጋፍ ግንብ የበለጠ ሥራ ትሠራለች።